ሐምሌ ላይ ይሙት

አባዬን መጀመሪያ የገደለው ካምፓስ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ በገዛ ጠረጴዛችን ላይ፣ ዳቦ እያኘከ።

ካምፓስ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ከሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ እሱ ብቻ ነበርና «እኛ ካምፓስ» ሳይል አፉን መክፈት አይችልም። «እኛ ካምፓስ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምንጠጣው።» «እኛ ካምፓስ ጮክ ብሎ መሳቅ ነውር ነው።» ገና ሁለተኛ ዓመት እኮ ነው! ክርኗ የነጣ አንዲት ኮት ነበረችው። ደረት ኪሷ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይደረድራል፤ ከሦስቱ የሚጽፈው ቀዩ ብቻ ነው። ምላሱ ግን ጤፍ ይቆላል። ዛሬ ሳስበው ሰውየው ከዚያች ቀይ እስክሪብቶና ከምላሱ በቀር የረባ ነገር አልነበረውም። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ እንደ ሐኪም ነበር የማየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ጥቂት ልጆችን በነፃ ያስተምራል። ለዚያ የፈተና ውጤት ብቻውን አይበቃም፤ ከማመልከቻው ጋር «እኔ ማን ነኝ» የሚል የሁለት ገጽ ጽሑፍ መያያዝ አለበት። ካምፓስ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ማመልከቻ የማስሞላ፣ ጽሑፍ የማስጽፍ መካሪ ነኝ ብሎ ተነሣ። ገንዘብ አልጠየቀም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። የፈለገው መከበር ነው። መከበርና ዳቦ።

ከሁሉም ቤት የኛ ጠረጴዛ ሰፊ ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይሰበሰቡ ነበር። አንዷ እትዬ ናት፣ ታላቅ እህቴ። ሌሎቹ የዳቦ ጋጋሪው ልጅና የነርሷ ልጅ ናቸው። አባዬ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ቅዳሜም ሥራ ይውላል። እናታችን እኔን በወለደች በሳምንቷ ነው ያረፈችው፤ ስለዚህ እትዬ ያለችበት ሁሉ እኔ አለሁ። ቅዳሜ እሷ ጠረጴዛው ላይ፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር። የጠረጴዛው ፕላስቲክ እስከ ጉልበታቸው ስለሚወርድ ከውስጥ ሆኜ የሚታየኝ አራት ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር። የካምፓስ ጫማ ከሁሉም በላይ የተወለወለ ነው፤ ሶሉ ግን አፉን ከፍቶ ይስቃል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እትዬ ቤት የጻፈችውን አነበበች። የማውቀውን ነገር ስለነበር የጻፈችው እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አባዬ የሰው ቤት ግድግዳ ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ሲፈልግ መዶሻ አያነሣም። መጀመሪያ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። እትዬ ሰባት ዓመቷ እያለ ሥራ ይዟት ሄደና ጆሮዋን አስለጥፎ «ምን ይላል?» አላት። «ያንሾካሹካል» አለችው። «በይ ከሁሉ በላይ የሚያንሾካሹክበት ጋ ጣትሽን አድርጊ» አላት። ጣቷን ካደረገችበት ላይ አንዲት ጡብ ብቻ አውልቆ ቀዳዳውን አገኘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው በሙሉ በግድግዳ ውስጥ የሚያወራ እየመሰላት እንዳደገች፣ የውኃ ምህንድስና መማር የምትፈልገውም ለዚህ እንደሆነ ጽፋለች።

ካምፓስ ዳቦውን ዋጠና እግሩን አነባበረ።

«ቧንቧ?» አለ።

«አዎ።»

«ሁለት ገጽ ሙሉ ቧንቧ! እሺ፣ እዚህ ውስጥ ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!» ጠረጴዛውን ሲደበድበው እኔ ሥር ሆኜ ጆሮዬን ያዝኩ። «እኛ ካምፓስ እነዚህን ወረቀቶች የሚያነቡትን ሰዎች እናውቃቸዋለን። በቀን መቶ ያነባሉ። ካላለቀሱ አይቀበሏችሁም። ቁስል ስጡኝ እንጂ! ቁስል!»

ቁስል የሌለው ሲገኝ ራሱ ያድል ጀመር። ለነርሷ ልጅ የኩላሊት በሽታ ሰጣት፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትዘል ውላ የማይደክማት ልጅ እኮ ናት። የዳቦ ጋጋሪውን ልጅ ደግሞ የአባቱን ዳቦ ቤት አቃጠለበት። ቃጠሎውን ያስጻፈው ከዚያው ዳቦ ቤት ጠዋት የመጣውን ትኩስ ዳቦ እየገመጠ ነው። «እሳቱ ምንም አላስተረፈልንም በል» ይላል፣ አፉ ሙሉ ሆኖ። ፍርፋሪው እኔ ጋ ይወርዳል፤ እየለቀምኩ እበላለሁ።

እትዬ ጋ ሲደርስ ነገሩ ከበደ።

«እናቴ ሞታለች» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ልጽፍ እችላለሁ።»

«እናት ብቻ የሞተችበት ስንት አለ መሰለሽ? ተራ ነው። እናትሽ በመጀመሪያው አንቀጽ ትሂድ፤ አባትሽን በሁለተኛው እናድርገው።»

«አባቴ እኮ አለ!»

«ወረቀት ላይ ነው እንጂ! ወረቀት ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ሦስት ቅዳሜ እምቢ አለች። ሦስት ቅዳሜ የቧንቧውን ጽሑፍ አሻሽላ አመጣች፤ ሦስት ቅዳሜ ከላይ እስከ ታች በቀይ ሰርዞ መለሰላት። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፤ ያለቦታሽ ልትቀሪ ነው» ይላታል። በአራተኛው ቅዳሜ ማመልከቻው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። የእትዬ አንዱ እግር በሌላው እግር ላይ ወጥቶ ሲጫነው ከሥር አየሁ።

«እሺ» አለች።

«ጎሽ! በምን ይሙት? ቧንቧ ሠራተኛ ነው አይደል? ጉድጓድ ይናድበት።»

«መቼ?»

«ሐምሌ ላይ ይሙት። ሐምሌ ጥሩ ነው፣ ዝናብ አለ።»

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው?»

«አጎት እንሰጥሻለና! የአባትሽ ታናሽ ወንድም። ጨካኝ ይሁን?»

«ደግ ይሁን» አለች እትዬ።

ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የሷ የሆነው ያ አንድ ቃል ነው። ሌላው በሙሉ የካምፓስ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ የሰው ሬሳ ግን እንደሚያደምቅ እሱ አሳመናት።

እኔ ከሥር ሆኜ የገባኝ ሌላ ነው። ካምፓስ የተማረ ስለሆነ ሰው መቼና በምን እንደሚሞት ያውቃል፤ እትዬም እምቢ ስትል ቆይታ አምናዋለች፤ እኔን ግን ደብቀውኛል። ግንቦት ነበር። አባዬ ሁለት ወር ቀርቶታል አልኩ።

ስለ ካምፓስ ያልገባኝ ሌላም ነገር ነበር። እናቱ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። ሲያልፍ «ልጄ!» ብላ ትጠራዋለች፤ እሱ ወደ ማዶ ይሻገራል። የተማረ ሰው ይቸኩላል ብዬ አልፈዋለሁ። ኋላ ነው የሰማሁት፤ በራሱ ማመልከቻ ላይ እናቱን ጎርፍ አስወስዷታል። ታዲያ ከክፍል ጓደኞቹ አንዱ ቢያያቸው ምን ይበል? በጎርፍ የተወሰደች ሴት ሽንኩርት ስትመዝን! ዓይኑን በጨው አጥቦ እናቱን በቁሟ ቀበረና የሰው ልጅ ሊመክር መጣ።

ግንቦትንና ሰኔን አባዬን በዓይኔ ስጠብቅ ከረምኩ። ካሳለው መብላቴን አቆማለሁ። ከወተቴ ግማሹን ወደ ብርጭቆው እገለብጥለታለሁ። እሱ የዋህ፣ «ትንሿ ልጄ ሰው ሆነችልኝ» እያለ ለጎረቤት ያወራል። እትዬም እንደኔ ሆና ነበር። የሥራ ልብሱን ትተኩሳለች፤ ሳይጠይቃት ቦት ጫማውን ታጥብለታለች። የቧንቧ ሠራተኛ የሥራ ልብስ ማን ይተኩሳል? ለሞቱ እያዘጋጀችው ነው ብዬ ከሷ ጋር አብሬ አዘንኩ። ምስኪን እኔ! እሷ እዳዋን በካውያ ስትከፍል ነበር።

ሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ሰማዩ ተቀደደ። እትዬ ቀድማ ወጥታለች። ተነሣሁና የአባዬን ቦት ጫማ ከቆሸሸ ልብስ ዘንቢል ውስጥ ቀበርኩት። አባዬ በካልሲው ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረ።

«እማ፣ ጫማዬን አላየሽም?»

«አላየሁም።»

«እሺ፣ ያላየሽው ጫማ የት ነው ያለው?»

ሄጄ ዘንቢሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሊያነሣኝ ጎንበስ ሲል ለቅሶዬን ለቀቅኩት።

«ጉድጓድ አትግባ! ሐምሌ ነው! ካምፓስ ሐምሌ ላይ ይሙት ብሏል፤ እትዬም ጽፋዋለች!»

አባዬ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ምን ላይ ነው የጻፈችው?» አለኝ። ደብተሯን ከፍራሿ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት።

በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ቀስ ይላል እንጂ ያነባል፤ ጋዜጣ ሳያነብ አይተኛም። ያ ጽሑፍ ምን እንደሚል ዛሬ ቃል በቃል አውቀዋለሁ። አንድ ቦታ «ማንበብና መጻፍ የማይችለው ምስኪኑ አባቴ» ይላል። እዚያ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቃሉ ከብዶት መስሎኝ «ላንብብልህ?» አልኩት።

«አይ፣ ገብቶኛል» አለኝ።

እስከ መጨረሻው አነበበ። ደብተሩን ዘጋና ምንም አቧራ ሳይኖርበት በእጅጌው ጠረገው።

«እጅ ጽሑፏ ያምራል» አለ።

«አትሞትም አይደል?»

«ዛሬ አልሞትም። ማንበቤን ግን ለእትዬ እንዳትነግሪያት። ቃል?»

«ቃል።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አባዬም መሞቱን የሰማው ጠረጴዛው ዙሪያ ከነበሩት ሁሉ በኋላ ነው፣ ያውም ከስምንት ዓመት ልጁ። ያን ቀን ቦት ጫማውን አድርጎ ሥራ ሄደ፤ ማታ በሰላም ተመለሰ። እኔ አንድ ቀን አሸነፈ ብዬ ቆጠርኩለት። ለእትዬ ምንም አላላትም። የሚገርመኝ ያ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳን አልተቆጣም። በእሱ ቦታ እኔ ብሆን ያንን ኮት ከነባለቤቱ ቦይ ውስጥ ነበር የምከተው።

ወሩ ሲጋመስ አንድ ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ሥራ በዝናብ ምክንያት ቀርቶ አባዬ የወጥ ቤታችን መታጠቢያ ሥር ተኝቶ የሚያንጠባጥብ ነገር ያጠብቃል። እትዬ ከፈተች። ጥቁር ጃንጥላ የያዘች ረጅም ሴት ነበረች፤ በብብቷ ዶሴ ይዛለች።

«ከዩኒቨርሲቲው ነው የመጣሁት» አለች። «አመልካቿ አንቺ ነሽ? የመጨረሻው ዙር ውስጥ ገብተሻል፣ እንኳን ደስ አለሽ። ስለ ሟቹ አባትሽ ሁለት ሦስት ነገር ላጣራ ነው፤ ብዙ አልቆይም።»

እትዬ ክው ብላ ቀረች። እኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። በሐምሌ የሚሞቱትን ሰዎች ዝርዝር የያዘችው ይቺ ናት! አባዬን ልትወስደው መጣች!

ሟቹ ከመታጠቢያው ሥር ወጣ። መፍቻውን አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ ሳሙናውን ደግሞ ደጋግሞ አሸው። ዞሮ እትዬን አያት። እትዬ አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እሱ ቀደማት።

«ይግቡ፣ ይግቡ። አጎታቸው ነኝ።»

«የአባታቸው ወንድም?»

«አዎ፣ ታናሹ።»

«ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን» አለ አባዬ።

እትዬ አፏን ዘጋች። ስለዚያ አፍ መዝጋት ብዙ ልናገር እችላለሁ። እሷን ከመውቀሴ በፊት ግን የራሴን ላውጣ።

አባዬ ስሙን ደብቆ ሞት የላካትን ሴት ሲሸውዳት አይቼ ልቤ በደስታ ዘለለች። እንዴት ያለ ጮሌ አባት ነው ያለኝ! ሴትዮዋ ወደኔ ጎንበስ አለች።

«አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ እኚህ ሰውዬ ምንሽ ናቸው?»

«አጎቴ!» ብዬ ጮህኩ። «አባዬማ ሞቷል! ድሮ! ጉድጓድ ውስጥ!» ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊቴን ሱሪው ላይ ደበቅኩና «አይደል ጋሼ?» አልኩት።

ሴትዮዋ የማለቅስ መሰላትና መሐረብ አወጣች። አባዬ ራሴን ዳበሰኝ። እጁ ገና እርጥብ ነበር።

«ጎበዝ» አለኝ።

ሴትዮዋ ስትወጣ አንገቱ ላይ ልጠመጠም ሮጥኩ፤ እሱ ግን ወደ መታጠቢያው ሥር ተመልሶ ገብቷል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው። መፍቻው ለረጅም ጊዜ ድምፅ አላሰማም። ሴትዮዋ እስክትርቅ ተደብቆ ነው ብዬ አጠገቡ ቁጭ አልኩና ጠበቅኩት።

እትዬ ገባች። ካምፓስ ሰፈሩን በሙሉ «እኔ ነኝ ያስገባኋት» እያለ ዞረው። ኩላሊቷ ስለታመመው ልጅ አላነሣም፤ ስለተቃጠለው ዳቦ ቤትም ትንፍሽ አላለም። ዳቦ ቤቱን ሊያጣሩ የመጡት ሰዎች ዳቦ ገዝተው ነው የሄዱት አሉ። ሁለቱም ልጆች ያንን ዓመት እቤታቸው ቀሩ፤ ካምፓስም ቅዳሜ ቅዳሜ ከነሱ ቤት ፊት ለፊት ማለፍ ተወ።

እትዬ በተማረችባቸው አምስት ዓመታት አባዬ በየዓመቱ ፎርም ይፈርም ነበር። «አሳዳጊ፦ አጎት።» በምረቃዋ ቀን ከወላጆች መቀመጫ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ቆሞ አጨበጨበ። አንዲት ጓደኛዋ «ከአጎትሽ ጋር ላንሣሽ» ብላ ፎቶ አነሣቻቸው። ሁለቱም ይስቃሉ። ፎቶው ሳሎናችን ተሰቅሎ ኖረ። በአሥራ አራት ዓመቴ ደብተሯን አግኝቼ ራሴ ካነበብኩት በኋላ ለፎቶው ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጥ ነበር። አባዬን ሄጄ «ለምን?» አልኩት። «ገብታለች አይደል እንዴ?» አለኝና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ።

እሺ፣ ተማሪ እያለች እውነቱን ብትናገር ትባረራለች፤ ይሁን። ከተመረቀች በኋላስ? የውኃ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ሆና፣ ወንበር ይዛ፣ ማን ያስገድዳታል? ለመሥሪያ ቤት ሰዎችም «አጎቴ ነው ያሳደገኝ» አለች። አንድ ጊዜ የተዋሸ ነገር ማስታመም ይፈልጋል፤ እሷም ስታስታምም ኖረች። እኔም ከሷ አልሻልም። እንግዳ ይዛ ስትመጣ አባዬን «ጋሼ፣ ሻይ ላምጣ?» እለው ነበር፣ ሁሉን ነገር ካወቅኩ በኋላ፣ ያደግኩ ሴት ሆኜ። እሱ «አምጪ የኔ ልጅ» ይለኛል፤ ማንኛውም አጎት እንደሚለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኛ ቤት ሃያ ዓመት አደረ።

አባዬ የሞተው ባለፈው ጥር ነው። ሐምሌ አልነበረም፤ ጉድጓድም አልነበረም። በአልጋው ላይ፣ በደረቅ ወር፣ ጋዜጣው ደረቱ ላይ እንዳለ።

ቀብሩ ላይ ካምፓስ መጣ። አሁን ሆዱ ወጥቷል፣ ኮቱ አዲስ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለሚያመለክቱ ልጆች ምክር የሚሰጥ ቢሮ ከፍቷል፤ ግድግዳው ላይ የእትዬን ፎቶ ሰቅሎ ከሥሩ «ወላጅ አልባዋ ኢንጂነር» ብሎ ጽፎበታል። ከፊት ረድፍ ገብቶ ቆመና እጄን ጨበጠኝ።

«ትልቅ ሰው ነበሩ» አለኝ።

ገዳዩ እሱ፤ ለቀብር የመጣው ከሃያ ዓመት በኋላ! እንትፍ ልልበት ነበር፤ የአባዬ አፈር አጠገብ ስለነበርን ዋጥኩት።

የእትዬ የመሥሪያ ቤት ሰዎች የአበባ ጉንጉን ይዘው መጡ። ሪባኑ ላይ በወርቅ ቀለም «ለባልደረባችን አጎት መታሰቢያ» ተጽፏል። እትዬ አየችው። ጎንበስ አለችና ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲዞር ገለበጠችው፤ ንፋሱ መልሶ ገለበጠው። እንደገና ገለበጠችው።

ከሰዎቹ አንዷ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ለቅሶዬን አይታ ኖሮ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ» አለችኝ። «አንቺስ? ምንሽ ነበሩ?»

ያው ጥያቄ ነው። ካምፓስ አጠገቤ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ከጉንጉኑ ላይ ቀና ብላ አየችኝ፤ ራሷን በጣም በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቀነቀች።

«አባቴ ነው» አልኩ።

«ውይ! እንግዲያው ኢንጂነሯ የአጎትሽ ልጅ ናታ?»

«እህቴ ናት። ያንድ እናትና ያንድ አባት ልጆች ነን።»

ሴትዮዋ ሪባኑን አየች፣ እኔን አየች፣ እትዬን አየች። ካምፓስ ሰዓቱን ተመለከተና በሰው መሀል ሹልክ ሲል ጫማው ብቻ ታየኝ፤ እንደ ድሮው የተወለወለ ነው። እትዬ አፏን ከፈተች። ያኔ አባዬ ነበር የቀደማት፤ አሁን የሚቀድማት የለም። ሁላችንም ጠበቅናት።

ሪባኑን ከአበባው ፈታች፣ አጣጠፈችው፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አባቴ ነው» አለች።

«ምን አልሽኝ?» አለች ሴትዮዋ፤ ድምፅዋ አልወጣም ነበር።

«አባቴ ነው አልኩ! አባቴ ነው!» ብላ ጮኸችና አፈሩ ላይ ተደፋች። እኔም አጠገቧ ተንበርክኬ «አባዬ!» አልኩ። ሃያ ዓመት ያልነውን ውሸት በአንድ አፍ አፈረስነው። «ጎበዝ» የሚለን ግን አልነበረም።